ኢንጀክሽን አየር አይፈጥርም

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን ላይ የወጣ የጭነት መኪና በአንድ ጠዋት የሁለት አገር አየር ይስባል። ድልድዩ ያለበት የበረሃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትርን ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ደጀን ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ አልፎ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ወደ 1,900 ሜትር ዝቅ ይላል። ቡሬ ላይ 2,100 ገደማ ይሆናል፣ ጢሊሊን አልፎ እንጅባራ ላይ 2,500ን ይሻገራል፣ ከዚያ በዳንግላና በመራዊ በኩል ወደ ጣና እየወረደ ይሄዳል። ሹፌሩ ይህን ሁሉ በሚቀንሰው ማርሽ ያውቀዋል። ከኋላ የሚከተለው ሰው ደግሞ በጭሱ ያውቀዋል።

በዚህ መንገድ ላይ የሚሠሩት መኪኖች አብዛኞቹ አሮጌ ናቸው። ከቡሬ በርበሬና በቆሎ፣ ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ እህል፣ ከቆጋ መስኖ ድንችና ሽንኩርት የሚያነሳ ባለመኪና የያዘውን አሮጌ ጥሎ አዲስ መግዛት ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የነዳጅ ድጎማውም ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የማደያው ዋጋ አብሮ ወጣ። አሮጌው መኪና እንግዲህ ይቆያል፤ የሚጠጣው ነዳጅ ግን እንደ ድሮው የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ «ካርቡራቶሩን አስወጥቼ ኢንጀክሽን ባስገጥምለት ጉልበት ያገኛል ወይ?»

አጭሩ መልስ፦ ደጋው የወሰደበትን ጉልበት አይመልስለትም፤ ነዳጅ ግን ሊቆጥብለት ይችላል፣ ያውም ቤንዚን መኪና ከሆነ ብቻ። ረጅሙ መልስ ይህ ምዕራፍ ነው።

ቤንዚን በደንብ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። ልብ በሉ፣ ሒሳቡ በክብደት እንጂ በስፋት አይደለም። ሲሊንደሩ ደግሞ የሚስበው በስፋት ነው። ፒስቶኑ በወረደ ቁጥር ዓባይ በረሃም ሆነ እንጅባራ ያንኑ ያህል ቦታ አየር ይሞላል፤ እንጅባራ ላይ የሞላው አየር ግን ቀላል ነው። በቡሬ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ቡሬ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። መካኒኩ ምንም ቢካን፣ ዕቃው ምንም ቢወደድ፣ የሌለ አየር ውስጥ ነዳጅ አይቃጠልም። አየር የነፈጉት ምድጃ ላይ እንጨት ቢቆለሉበት ቤቱ በጭስ ይታፈናል እንጂ ምጣዱ ቶሎ አይግልም።

ካርቡራቶር ይህን አያውቅም። አሠራሩ ቀላልና ብልሃት ያለበት ነው። አየሩ በሚገባበት ቱቦ መካከል ጠበብ ያለ አንገት አለ፤ አየሩ እዚያ ሲደርስ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ የቀነሰው ግፊት ከጎን ካለችው ትንሽ ገንዳ ቤንዚኑን በነሐስ ቀዳዳ በኩል ይመጠዋል። ገንዳዋ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ሲጎድል ወርዶ መርፌዋን ይከፍታል፣ ሲሞላ ወጥቶ ይዘጋታል። ኤሌክትሪክ የለ፣ ኮምፒዩተር የለ። ችግሩ ቀዳዳዋ የተለካችው ፋብሪካው ባለበት ዝቅተኛ አገር መሆኑ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚመጠጠው ቤንዚን ይቀንሳል፣ ነገር ግን አየሩ በቀነሰው ልክ አይቀንስም። ስሌቱ የሚለው እንዲህ ነው፤ አየሩ አንድ አምስተኛ ሲጎድል ቤንዚኑ የሚጎድለው አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ በትክክል የተለካ ካርቡራቶር ቡሬ ላይ ድብልቁን 10 በመቶ ያህል ያወፍረዋል። 14.7 የነበረው ወደ 13 ይጠጋል።

ይህንን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጠንከር ያለ ዳገት ወጥቶ፣ ሚኒሞ ላይ ሳያቆዩ ሞተሩን አጥፍቶ አንድ ካንዴላ መፍታት ይበቃል። ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ሸክላ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደኅና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ፣ በጣት ሲነኩት ጥቀርሻው የሚላቀቅ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ጥቁሩ ርጥብና ቅባት ያለው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዘይት እየወጣ ነው፣ ፋሻው ወይም የባልቦላው ጎማ አልቋል፣ እዚህ ላይ ኢንጀክሽን ማስገጠም ገንዘብ መጣል ነው። ነጭና የተለበለበ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሷል ማለት ነው፤ ባልቦላ የሚያቃጥለው ይህኛው ነው። ከአራቱ ካንዴላ አንዱ ብቻ ጠቁሮ ሦስቱ ደኅና ከሆኑም ጥፋቱ የካርቡራቶሩ አይደለም። የካንዴላው ሽቦ ወይም ያ ሲሊንደር ራሱ ይታይ።

ለዚህ ችግር አሮጌ መፍትሔ አለ፤ ርካሽም ነው። የነሐሱን ቀዳዳ አንድ ቁጥር ጠበብ ባለው መለወጥ። መኪናው ከፍኖተ ሰላም እስከ እንጅባራ ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን። ችግሩ የሚጀምረው ያው መኪና አዲስ አበባ ሲጫን ነው። ለቡሬ የተስተካከለ ካርቡራቶር ዓባይ በረሃ ላይ ድብልቁን 5 በመቶ ያህል ያሳሳዋል፤ ያውም ሙቀቱ በበረታበት፣ ጭነቱ በከበደበት፣ የደጀን ዳገት በሚጀምርበት ቦታ። ሞተሩ መንኳኳት የሚጀምረው እዚያ ነው። በዚያ ላይ የበረሃው ሙቀት አለ። አሮጌው የቤንዚን ፖምፓ ሞተሩ ጎን ተለጥፎ ከሩቁ ታንከር ስለሚስብ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እንዳለ ይተናል፤ ፖምፓው እንፋሎት ይዞ ይቀራል፣ መኪናውም ዳገቱ መሃል ይቆማል። ረዳቱ ርጥብ ጨርቅ ይዞ ወርዶ ፖምፓው ላይ ሲጠመጥም ያየ ሰው ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ይህን ሁሉ በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። አየሩ ቤንዚኑን እስኪመጠው አይጠብቅም። በመጀመሪያ ይለካል። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ማኒፎልዱ ላይ ያለችው የግፊት መለኪያ የውጭውን አየር ግፊት ታነባለች፤ ያለችበት ደጀን ይሁን መራዊ በዚያች ቅጽበት ይታወቃል። ከኋላ በኩል የኤሌክትሪክ ፖምፓው ሁለት ሴኮንድ ያህል ጉርር ብሎ ዝም ይላል፤ ቱቦውን በግፊት ሞልቶ መጠበቁ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ኮምፒዩተሩ የማኒፎልዱን ግፊት፣ የሞተሩን ዙር፣ የውሃውንና የአየሩን ሙቀት፣ የነዳጅ መስጫውን መከፈት ይደምርና ኢንጀክተሩን ለጥቂት ሚሊ ሴኮንዶች ይከፍተዋል። ቀዳዳው አይለወጥም፤ የሚለወጠው ክፍት የሚቆይበት ጊዜ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ የተገጠመው የኦክስጅን ሴንሰር ከተቃጠለ በኋላ የተረፈውን አይቶ «በዝቷል» ወይም «አንሷል» ሲል ኮምፒዩተሩ ያርማል። ቤንዚኑም ከታንከሩ ጀምሮ በ3 ወይም በ4 ባር ግፊት ስለሚገፋ በረሃ ላይ በቀላሉ አይተንም። ለጎጃም መንገድ ከነዳጅ ቁጠባው ይልቅ ይህ የመጨረሻው ጥቅም ይበልጣል ብዬ አስባለሁ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1967 የቦሽን ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን በፋብሪካ መኪና ላይ ገጥሞ ሸጧል። ለእኛ አገር ሰው የሚቀርበው ምሳሌ ግን የቶዮታ ነው። ሃይሉክስ ላይ የሚገኘው 2.4 ሊትሩ 22አር ሞተር ካርቡራቶር ነበረው፤ ቶዮታ ያንኑ ሞተር ኢንጀክሽን ገጥሞለት 22አርኢ አለው። ባለ ካርቡራቶሩ 97 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲሆን ባለ ኢንጀክሽኑ በኋለኞቹ ዓመታት 115 አካባቢ ደርሷል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ቶዮታ ጉልበቱን ያገኘው ካርቡራቶር በኢንጀክተር በመለወጥ ብቻ አይደለም፤ የአየር መግቢያውንና ሌሎች ነገሮችንም አብሮ አሻሽሏል። ካርቡራቶሩን ብቻ የለወጠ ሰው ያንን ሁሉ ልዩነት አይጠብቅ።

በደርግ ዘመን የመጡት የሶቪየት መኪኖች ደግሞ ሌላ ትምህርት አላቸው። ዚል 131 እና ኡራል 375 ባለ ስምንት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተርና ካርቡራቶር የነበራቸው ናቸው፤ ኡራል 375 በ100 ኪሎ ሜትር ከ40 ሊትር በላይ ይጠጣ ነበር። የኡራል ፋብሪካ መፍትሔ ሲፈልግ ካርቡራቶሩን ሲያሻሽል አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1977 ቤንዚኑን ሞተር ትቶ የካማዝ ናፍጣ ሞተር ገጠመና ኡራል 4320 ብሎ አወጣው። ዋዝ ግን በቤንዚን ቀጠለና በኋለኞቹ ሞዴሎቹ ኢንጀክሽን ገጠመ። ከባድ ጭነት ወደ ናፍጣ፣ ቀላሉ ወደ ኢንጀክሽን፤ ፋብሪካዎቹ በገንዘባቸው የወሰኑት ይህንን ነው፣ አሮጌ መኪና የያዘ ሰውም ከዚህ ብዙ የሚርቅ ሒሳብ የለውም።

አሁን በውጭ አገር ካርቡራቶሩ በነበረበት መቀመጫ ላይ ልክ ገብቶ የሚታሰር የተሟላ ዕቃ ይሸጣል። የአሜሪካው ሆሊ «ስናይፐር» ብሎ የሚሸጠው አንዱ ነው። ኢንጀክተሮቹም ኮምፒዩተሩም አንድ አካል ላይ ተገጥመው ይመጣሉ፤ ሞተሩ በሠራ ቁጥር ከኦክስጅን ሴንሰሩ እየተማረ ራሱን ያስተካክላል። ዋጋው እዚያው አገሩ ላይ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። የተሠራውም በዋነኝነት ለአሜሪካ ትልልቅ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ነው፤ የቶዮታ ወይም የዚል ማኒፎልድ ላይ ለማስቀመጥ መሃል የሚገባ ጠፍጣፋ ብረት በቶርኖ ማሠራት ያስፈልጋል። ሃይሉክስ ለያዘ ሰው ከዚህ ይልቅ ሙሉውን ያገለገለ 22አርኢ ከነሽቦውና ከነኮምፒዩተሩ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላይ አፈላልጎ መግጠም ይቀለዋል። ዕቃው የፋብሪካ ነው፣ መለዋወጫውም ይገኛል። ያኔ ግን የሞተር ቁጥሩ ይለወጣልና ሊብሬው ላይ መስተካከል አለበት፤ ይህን የዘነጋ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ይቸገራል።

ኢንጀክሽን የተገጠመለት አሮጌ መኪና ሲቆም ጥፋቱን ኮምፒዩተሩ ላይ መጣል የተለመደ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። የሚገድለው ታንከሩ ነው።

ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ታንከር ውስጡ ዝገት ነው፣ ታቹ ውሃና ደለል ነው። ካርቡራቶር ይህን ይችለዋል፤ ቆሻሻው ገንዳዋ ታች ይዘቅጣል፣ ሲበዛም መካኒኩ ፈቶ ነፍቶ ይመልሳል፣ ሥራው ከአንድ ሻይ አያልፍም። ኢንጀክተር እንዲህ አይነፋም። ከመግዛት በፊት ታንከሩ ይውረድ፣ ውስጡ በባትሪ መብራት ይታይ። ዝገቱ ቅርፊት ቅርፊት እያለ የሚረግፍ ከሆነ አጥቦ መመለስ አይበቃም፤ ሌላ ታንከር ይፈለግ። የሚታጠብም ከሆነ ቤንዚን ይዞ የነበረ ታንከር ባዶውን ሲሆን ይበልጥ አደገኛ ነው፤ እንፋሎቱ እያለ ብየዳ ያስጠጋ መካኒክ ሕይወቱን ያጣል። ከዚያ ከታንከሩ እስከ ፖምፓው አንድ ፊልትሮ፣ ከፖምፓው እስከ ኢንጀክተሩ ሌላ ደቃቅ ፊልትሮ ይገባል። ትርፉ ቤንዚን ወደ ታንከሩ የሚመለስበት ሁለተኛ መስመርም አብዛኛውን ጊዜ ያስፈልጋል፤ አሮጌዎቹ መኪኖች ብዙዎቹ ይህ መስመር የላቸውም። ቱቦው ደግሞ ለካርቡራቶር የተሠራው ተራ ጎማ አይሁን። ካርቡራቶር የሚፈልገው ግፊት ከግማሽ ባር ያንሳል፣ አዲሱ እስከ 4 ባር ነው፤ የተለመደው ጎማ ሞቃት ሞተር ላይ ሲፈነዳ ውጤቱ እሳት ነው። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ መጀመሪያ 5፣ በኋላ 10 በመቶ ሲቀላቀል የቆየ መሆኑም አይረሳ። ኤታኖል አሮጌ ጎማ ያላላል፣ ታንከሩ ላይ የተጋገረውን ዝቃጭም ያነሳል።

በጀሪካን የሚቀዳ ቤንዚን የበለጠ ያስፈራል። ማደያ ሲደርቅ ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ላምባ ይቀላቀልበት፣ ውሃ ይግባበት፣ ማንም አያውቅም። በግልጥ ብርጭቆ ቀድቶ ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ቀላሉ ፈተና ነው፤ ውሃ ካለ ታች ይለያል። ላምባውን ግን ብርጭቆ አይለየውም።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ ነው። አዲሱ ፖምፓና ኮምፒዩተር 12 ቮልት ሳይዋዥቅ ይፈልጋሉ። የደከመ ዲናሞ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ሽቦ፣ የዛገ ማሳ ለካርቡራቶር መኪና ምንም አይደሉም፤ ለዚህኛው ግን በሽታ ናቸው። ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው ከ10 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ መኪናው ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ባለቤቱም ኢንጀክሽኑን ይረግማል። የጭስ ቱቦውም ከሴንሰሩ በፊት ቀዳዳ ካለው አየር ከውጭ ይገባና ሴንሰሩን ያታልለዋል፤ «ቤንዚን አንሷል» ብሎ ያነባል፣ ኮምፒዩተሩም ይጨምራል። ነዳጅ ሊቆጥብ የተገጠመው ዕቃ ነዳጅ የሚያባክነው በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። በ100 ኪሎ ሜትር 25 ሊትር ቤንዚን የሚጠጣ አሮጌ መኪና በትክክለኛ ድብልቅ 10 በመቶ ቢቆጥብ 2 ሊትር ተኩል ነው። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 500 ሊትር ይሆናል። ይህን ማደያው ላይ በተለጠፈው ዋጋ አባዝቶ ከዕቃውና ከሥራው ዋጋ ጋር ማስተያየት የባለቤቱ ፈንታ ነው። መኪናው በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ ከሆነ ቁጠባው 125 ሊትር ነው፤ ለዚህ ብሎ ዶላር መፈለግ አያዋጣም። ያስገጠመ ሰውም የወለቀውን ካርቡራቶር አይሽጠው። ሽንዲ ወይም ከዚያ የራቀ ገጠር ኮምፒዩተሩ ቢሞት የሚመልሰው ያው ካርቡራቶርና አሮጌው ፖምፓ ነውና ከወንበሩ ሥር ይቀመጥ።

እስካሁን የተባለው ሁሉ የቤንዚን ነው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መንገድ ላይ ጭነት የሚጎትተው ግን ናፍጣ ነው። «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል የወጣለት አይሱዙ ኤንፒአር፣ ሲኖትራክ፣ እዚህም እዚያም የቀረ ፊያት ኤንትሬ። እነዚህ ካርቡራቶር ኖሯቸው አያውቅም፤ ከተወለዱ ጀምሮ ኢንጀክሽን ናቸው። ቦሽ የናፍጣ ፖምፓን በፋብሪካ ደረጃ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው፤ ኤንትሬ ላይ ያለው ፖምፓም የዚያው ዘር ነው። ስለዚህ ናፍጣ መኪና ይዞ «ኢንጀክሽን ግጠምልኝ» የሚል ሰው ጥያቄውን እንደገና ማየት አለበት። ያለው ኢንጀክሽን ደክሞ ይሆናል እንጂ ጎድሎት አይደለም።

ናፍጣ ሞተር አየሩን አያንቅም፤ የቻለውን ያህል ይስባል፣ ጉልበቱን የሚወስነው ፖምፓው የሚረጨው ናፍጣ ነው። አሮጌው ፖምፓ እንደ ካርቡራቶሩ ከፍታ አያውቅም፣ እንዲያውም ከእሱ ይብሳል፤ ቡሬም ጂቡቲም ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ ያንኑ መጠን ይረጫል። አየሩ ሲያንስ የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቶዮታ ለደጋ አገር በሚልካቸው አንዳንድ ላንድ ክሩዘሮች ፖምፓ ላይ አየሩ ሲሳሳ ናፍጣውን የምትቀንስ ትንሽ ዕቃ የሚገጥመው ለዚህ ነው። አብዛኛው የጭነት መኪና ይህች ዕቃ የለችውም።

በዚህ ላይ የሰው እጅ ይጨመርበታል። ፖምፓው ላይ የመጨረሻውን የናፍጣ መጠን የምትወስን ቡሎን አለች፤ ፋብሪካው በእርሳስ ማኅተም አስሯት ነው የሚልከው። አይሱዙ ከሊብሬው በላይ ሲጫን ዳገቱ ይከብደዋል፣ ሹፌሩ ጉልበት ይፈልጋል፣ ማኅተሙ ይቆረጣል፣ ቡሎኗ ትዞራለች። ለጊዜው ይሻላል። ዝቅ ባለ አገር ጥቂት ጉልበት በእርግጥ ይገኛል፤ ደጋው ላይ ግን የተጨመረው ናፍጣ የሚቃጠልበት አየር የለም። ጭሱ ይጠቁራል፣ የጭሱ ሙቀት ይወጣል፣ ያልተቃጠለው ናፍጣ ካሚሻውን አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ ቀጥኖ ሽታው ከተለወጠና መጠኑ ከፍ ካለ ብሮንዙ በአደጋ ላይ ነው። ቡሎኗን ለማዞር አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ የሞተሩን ኮሎ ለማስጠገን ግን ሌላ ዋጋ አለ።

ይህ ሥራ የራሱ ሰው አለው፤ ፖምፒስታ። ባለሙያው ፖምፓውን ፈትቶ መፈተኛ ማሽን ላይ ያስረዋል፤ ፖምፓው በሞተር ሲዞር ከእያንዳንዱ መስመር የሚወጣው ናፍጣ በተለካ መስታወት ይቀዳል። መጠኖቹ እኩል ካልሆኑ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥበት ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። ሙሉውን መጠን ለደጋው ትንሽ ዝቅ አድርጎ እንዲያስርለት ባለመኪናው መጠየቅ ይችላል፤ መኪናው የሚውለው ከደጀን ወዲህ ከሆነ መጠየቅም አለበት።

ኖዝሉ ደግሞ ለብቻው በእጅ ፖምፓ ይፈተናል። ባለሙያው ዘንጉን ቀስ ብሎ ይጫናል፣ የግፊት መለኪያው ይወጣል፣ በአብዛኞቹ አሮጌ ሞተሮች ወደ 200 ባር ሲጠጋ ኖዝሉ ይከፈታል። ጤነኛው ሲከፈት ይጮኻል፤ የሚወጣው ጉም ነው፣ ጫፉም ወዲያው ይደርቃል። የደከመው ዝም ብሎ ቀጭን ጅረት ይሸናል፣ ሲዘጋ ጫፉ ላይ ጠብታ ይንጠለጠላል። ያች ጠብታ ፒስቶን አናት ላይ እየነደደች ቀዳዳ ታበጅለታለች። ሲፈተን ከፊት እጅ ማስገባት ክልክል ነው። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ሰንጥቆ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ መርፌ የወጋው ያህል ቢመስልም ሰውዬው በአስቸኳይ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

«አሮጌውን 4ኤችጂ1 አውጥቼ ኮመን ሬል ያለውን 4ኤችኬ1 ባስገባስ?» የሚልም አለ። ኮመን ሬል ጭነት መኪና ላይ መጀመሪያ የወጣው በዴንሶና በሂኖ እጅ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ድንቅ ዕቃ ነው። አየሩን ይለካል፣ ናፍጣውን በአንድ ምት ውስጥ ከፋፍሎ ይረጫል፣ ድምፁ ይለሰልሳል። ግፊቱ ግን ከ1,000 ባር ያልፋል፣ አንዳንድ አዳዲሶቹ ላይ 2,000ንም ያልፋል፤ የኢንጀክተሩ የውስጥ ክፍተቶች የሚለኩት በማይክሮን ነው። በርሜልና ጀሪካን የነካ ናፍጣ፣ በየሦስት ወሩ የማይለወጥ ፊልትሮ፣ ውሃ የማይቀዳለት የውሃ መለያ ይህን ዕቃ ይገድሉታል፤ የአራት ኢንጀክተር ዋጋም አሮጌውን ሞተር ሙሉ በሙሉ ሊያስጠግን ይችላል። በፋብሪካ ኮመን ሬል ሆኖ የመጣ መኪና በጥንቃቄ ይያዝ። አሮጌውን ወደዚያ ማሳደግ ግን አሁን ባለው ነዳጃችንና ጋራዣችን አልመክርም።

ጉልበት ለሚፈልግ ሰው የሚቀረው ቱርቦ ነው፤ የጎደለውን አየር የሚመልሰው እሱ ነውና። ፒስቶኑ፣ የዘይት ማቀዝቀዣውና ቴስታታው ለቱርቦ ያልተሠሩበት ሞተር ላይ መጫን ግን ዕድሜውን ማሳጠር ነው። ቱርቦ ከፈለጉ በፋብሪካ ቱርቦ የተገጠመለትን ሞተር ይፈልጉ።

ስለዚህ መኪናዎ ቤንዚን ከሆነ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ በደረቅ ጥላሸት ከጠቆሩ፣ ዓባይን በየሳምንቱ የሚሻገር ከሆነና ታንከሩ ንጹሕ ከሆነ ኢንጀክሽን ያስገጥሙ፤ ይከፍላል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ በነሐሱ ቀዳዳ ይጀምሩ። ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት የአየር ፊልትሮውን ይለውጡ፣ ፖምፓውንና ኖዝሎቹን ለፖምፒስታ ያሳዩ፣ ቡሎኗንም በማኅተም እንዲያስርልዎ ይጠይቁ።